«በማን ወገን መጣ?»፦ ስለ ልጆች የዘረመል ምርመራ ማወቅ የሚገባን

ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ወደ ጅማ ወርጄ በቾ ቦሬ ቀበሌ በሚገኝ አንድ ዘመድ ቤት ሦስት ቀን ሰነበትኩ። በሁለተኛው ቀን ማምሻ ላይ ለቅሶ ደራሹ ሳሳ ሲል፣ የቤቱ አባወራ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግቶ «ጋሼ፣ እርስዎ ሕግ የተማሩ ሰው ነዎት፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለኝ።

የመሬት ወይም የውርስ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ጓዳ ውስጥ አራት ዓመት የሞላው ልጅ አለ፤ አይራመድም፣ ቃል አላወጣም፣ ላንቃውም ሲወለድ ጀምሮ ክፍት ነው። በሰነበትኩባቸው ቀናት እንግዳ ፊት አንድም ጊዜ አልወጣም። የአባትየው ወገኖች «ይህ ነገር በእኛ ዘር የለም፤ በእሷ ነው የመጣው» ይላሉ። የእናትየው ወገኖችም ያንኑ ቃል መልሰው ይወረውራሉ። ሰውየው ሊጠይቀኝ የፈለገው «በዚህ ምክንያት ብፈታት ፍርድ ቤት ይቀበለኛል ወይ?» የሚለውን ነው።

የሕጉ መልስ አላስቸገረኝም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺ ለመጠየቅ የሌላውን ወገን ጥፋት ማስረዳትን ግዴታ አላደረገም፤ ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። የታመመ ልጅ መውለድን ጥፋት ነው ብሎ የጻፈ ሕግ ግን አላውቅም። ሰውየው በእርግጥ የፈለገው የፍቺ ምክር ሳይሆን ጥፋተኛው ማን እንደሆነ የሚነግረው ሰው ነበር። ያንን ደግሞ ሕግ ሊመልስለት አይችልም።

ወደ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ የማውቃቸውን ሐኪሞች ጠየቅሁ፣ ያገኘሁትንም አነበብኩ። ይህ ጸሐፊ ሐኪም አይደለም፤ የሚከተለውም የሐኪምን ምክር አይተካም። ነገር ግን የተማረው አንባቢም ሳይቀር በዚህ ጉዳይ ላይ ከበቾ ቦሬው አባት ብዙም የማይርቅ እምነት እንዳለው ስለተረዳሁ፣ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ማስፈሩ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ምርመራው ከወሬ ይጀምራል

«የዘረመል ምርመራ» ሲባል ብዙዎቻችን በዓይናችን የሚመጣው ደም ተቀድቶ፣ ውጭ አገር ተልኮ፣ በውድ ማሽን የሚታይ ነገር ነው። ያ የመጨረሻው ደረጃ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ጥያቄና መልስ ሲሆን የሚፈልገውም ጊዜ ያለው ሐኪምና አንድ ወረቀት ብቻ ነው።

ሐኪሙ በቅድሚያ ስለ እርግዝናው ይጠይቃል፤ እናት ታማ ነበር ወይ፣ ምን መድኃኒት ወስዳለች፣ ሕፃኑ እንደተወለደ አለቀሰ ወይስ ታፍኖ ነበር፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውነቱ ቢጫ ሆኖ ነበር ወይ፣ ማጅራት ገትር ታሞ ያውቃል ወይ። ቀጥሎ ቢያንስ የሦስት ትውልድ የዘር ሐረግ በወረቀት ላይ ይሣላል። ወንድ በካሬ፣ ሴት በክብ፣ የታመመው በተጠቆረ ምልክት ይቀመጣል። የተጨናገፈ ፅንስ፣ ሞቶ የተወለደ ሕፃን፣ በልጅነቱ የተቀጨ አጎት፣ ሁሉም ይጻፋል። ባልና ሚስቱ ዝምድና እንዳላቸውም ይጠየቃል።

ከዚያ የአካል ምርመራ ይከተላል። የጭንቅላት ዙሪያ ይለካል፤ የዓይን አቀማመጥ፣ የጆሮ ቅርጽ፣ የመዳፍ መስመር፣ በቆዳ ላይ ያለ ነጠብጣብ፣ ልብና ላንቃ ይታያሉ። ለዓይናችን ትርጉም የሌላቸው ጥቃቅን ምልክቶች አንድ ላይ ሲመጡ ለሠለጠነ ሐኪም የአንድ በሽታ ፊርማ ይሆናሉ። ወላጅ ሲፈቅድም ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ራቅ ያለ ባለሙያ ሊያማክሩበት ይችላሉና።

ለመሆኑ ለዚህ ምርመራ መቅረብ ያለበት የትኛው ልጅ ነው? በመቀመጥ፣ በመራመድ፣ በመናገርና በመጫወት ከአንድ በላይ ዘርፍ ከእኩዮቹ የዘገየ፤ ከአንድ በላይ የአካል ጉድለት ይዞ የተወለደ፤ ያወቀውን መልሶ የሚረሳ፤ ምክንያቱ ያልታወቀ የሚጥል በሽታ ወይም የመስማት ችግር ያለበት፤ በቤተሰቡም ተመሳሳይ ታሪክ ያለ ልጅ ነው። የበቾ ቦሬው ልጅ በብዙዎቹ መለኪያዎች ይገባል።

ላቦራቶሪው ምን ያያል?

ሰው በእያንዳንዱ ሕዋሱ 46 ክሮሞዞም አለው፤ ግማሹን ከአባት፣ ግማሹን ከእናት ይወርሳል። በእነዚህ ላይ 20 ሺህ ያህል ዘረመሎች ተደርድረዋል። የክሮሞዞሙ ቁጥር 46 መሆኑ በትክክል የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች አንድ ትርፍ 21ኛ ክሮሞዞም እንዳላቸው በፓሪስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይፋ አደረጉ።

ጥንታዊው ምርመራ ክሮሞዞምን በማይክሮስኮፕ መቁጠርና ቅርጹን ማየት ነው፤ ካርዮታይፕ ይባላል። ሕይወት ያለው የደም ሕዋስ ለሦስት ቀን ያህል በላቦራቶሪ ማሳደግ ስለሚጠይቅ ናሙናው ቶሎ መድረስ አለበት። ማይክሮአሬይ የሚባለው በማይክሮስኮፕ የማይታይ ትንሽ ቁራጭ መጉደሉን ወይም መደገሙን ያሳያል። የዕድገት መዘግየት ካለባቸው ልጆች ከ15 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት ላይ ምክንያቱን እንደሚያገኝ ባለሙያዎች ይናገራሉ። የኤክሶም ንባብ ደግሞ የዘረመሎቹን ፊደል በፊደል ያነባል፤ መልስ የማግኘት ዕድሉም ከሁሉ ከፍ ያለ ነው። ለእነዚህ ሁለቱ የሚያስፈልገው ዲኤንኤ በመሆኑ በአግባቡ የተቀዳ ደም የቀናት ጉዞ ይችላል። ስለዚህ ከጅማ አዲስ አበባ ያለው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ከዚያም ወደ ውጭ የሚላክ ናሙና፣ በራሱ እንቅፋት አይደለም። እንቅፋቱ ገንዘቡና ውጤቱን በሰው ቋንቋ የሚያስረዳ ባለሙያ ማነሱ ነው።

ውጤቱ ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ «ተገኝቷል»፣ «አልተገኘም»፣ ወይም «ለውጥ አለ፤ ትርጉሙ ግን አይታወቅም»። ሦስተኛው ለእኛ አገር ሰው ይበዛል። ዓለም እስካሁን የሰበሰበው የዘረመል መረጃ በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች ስለሆነ፣ በእኛ ዘንድ ጤናማ የሆነ ልዩነት ለላቦራቶሪው እንግዳ ይሆንበታል። ይህን አስቀድሞ የሚነግር ሐኪም ከሌለ ወላጅ ገንዘቡን ከፍሎ ግራ መጋባትን ይገዛል።

ጥፋተኛ ፍለጋ ለምን ከንቱ ይሆናል?

«ዘር ከልጓም ይስባል» እንላለን። አባባሉ እውነት አለው፤ ዘር ግን አንድ ገመድ አይደለም። በአጭሩ አራት መንገዶች አሉ።

አንደኛው አጋጣሚ ነው። ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ልጆች 95 በመቶ ያህሉ ትርፍ ክሮሞዞሙን ያገኙት እንቁላል ወይም የወንድ ዘር ሲፈጠር በደረሰ የአከፋፈል ስህተት ነው። የእናት ዕድሜ ሲገፋ ዕድሉ ይጨምራል፤ ነገር ግን ማንም ያደረገው ወይም የተወው ነገር አይደለም። ከ3 እስከ 4 በመቶ በሚሆኑት ላይ ትርፉ ክሮሞዞም ከሌላ ክሮሞዞም ጋር ተጣብቆ ይገኛል። ይህ ከእናትም ከአባትም ሊወረስ ስለሚችል፣ የቀጣዩን እርግዝና ዕድል ለማወቅ የሁለቱም ደም መታየት ይኖርበታል። ፊት በማየት ብቻ «ዳውን ነው» ተብሎ ቤተሰቡ ሲሸኝ የሚጎድለው ይህ ነው።

ሁለተኛው ሁለቱም ወላጆች ጤነኛ ሆነው አንድ ዓይነት የተበላሸ ዘረመል ሳያውቁ ሲሸከሙ ነው። በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። «አንዱ ታሟል፤ ሦስቱ ይድናሉ» ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ ዕጣው በየእርግዝናው አዲስ ይወጣል። በዚህ መንገድ የመጣ በሽታ የሁለቱም ወገን ነው።

ሦስተኛው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ የሚሄድ ነው። ፍራጃይል ኤክስ የሚባለውና በተለይ ወንዶች ልጆችን በአዕምሮ ዕድገት የሚጎዳው በሽታ በእናት በኩል ይመጣል። «አላልኩም ነበር!» የሚል አማች ካለ ግን ይታገሥ። እናትየዋ ራሷ ከጤነኛ አባቷ ወርሳው ሊሆን ይችላል፤ መውረሷንም የምታውቀው ልጇ ከታመመ በኋላ ነው።

አራተኛው አዲስ ለውጥ ነው፤ በአባትም በእናትም የሌለ፣ በልጁ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአይስላንድ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት፣ ልጅ ይዞት የሚወለደው አዲስ ለውጥ ብዛት በዋናነት ከአባት ዕድሜ ጋር እንደሚጨምር፣ ይኸውም በየዓመቱ ሁለት ያህል እንደሆነ አሳይቷል። በስተርጅና ወጣት አግብተው የታመመ ልጅ ሲወለድ ወደ ሙሽራይቱ ጣታቸውን ለሚቀስሩ ሽማግሌዎች ይህ ሳይነገር መቅረት የለበትም።

የዝምድና ጋብቻም ይነሣል። ከላይ የጠቀስኩት የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በቀጥታ መስመር ያሉትን፣ እህትና ወንድምን፣ አክስትና አጎትን ከልክሎ የአጎትና የአክስት ልጆችን ሳይጠቅስ አልፏል። ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚጋባ ማኅበረሰብ እንዳለ ሁሉ፣ እንደ አፋር የአብሱማ ልማድ የአክስት ልጅ የሚያጋባም አለ። ማንኛውም ጥንድ ከባድ የአካል ጉድለት ያለው ልጅ የመውለድ ዕድሉ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሲሆን፣ በአጎት ልጆች መካከል በዚያው ልክ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ጉዳዩ የሚያስፈልገው እርግማን ሳይሆን ምክር ነው።

የዘር ያልሆነውን መለየት

የዘረመል ምርመራ ትልቁ ጥቅም አንዳንዴ «ይህ የዘር አይደለም» ማለቱ ነው። በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ ያልታከመ የሕፃናት ቢጫነት፣ ማጅራት ገትር የልጅን አንጎል ይጎዳሉ። የአዮዲን እጥረት እንቅርት ብቻ ሳይሆን የፅንስን የአዕምሮ ዕድገትም ይጎዳል፤ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ ደንብ ቁጥር 204/2003 የወጣውም ለዚህ ነው። ሲወለድ ጀምሮ የታይሮይድ ዕጢው የሰነፈ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ርካሽ ኪኒን ቢጀመርለት እንደ እኩዮቹ ያድጋል፤ ካለፈበት ግን ጉዳቱ አይመለስም። በበለጸጉ አገሮች ከሕፃኑ ተረከዝ በሚወሰድ የደም ጠብታ ይህ ሲጣራ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በእኛ አገር ግን ለሁሉም ሕፃን የሚሰጥ መደበኛ አገልግሎት አልሆነም።

የነርቭ ዘንግ ክፍተትን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ በአዲስ አበባ ሦስት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ከ10 ሺህ ወሊድ 61፣ በ2019 የታተመ የትግራይ ጥናት ደግሞ 131 መዝግበዋል። የዓለም አማካይ ወደ 20 ይጠጋል። ዘረመል ድርሻ ቢኖረውም ዋናው መከላከያ በእጃችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የብሪታንያ ጥናት፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ፎሊክ አሲድ ቢወስዱ ዳግም የመከሰት ዕድሉ በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ችግሩ የፅንሱ የነርቭ ዘንግ የሚዘጋው በ28ኛው ቀን ገደማ መሆኑ ነው፤ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ማለት ነው። በክትትል ጊዜ የሚሰጠው ኪኒን ለዚህ ይዘገያል። ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄት እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ መውጣቱ ተገቢ የነበረው፤ የፋብሪካ ዱቄት የማይደርስበት የገጠር ቤት ግን አሁንም ከደጅ ነው።

ጅማ ያላት እና የጎደላት

ጅማ ባዶ እጇን አይደለችም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤልጅየም አጋሮቻቸው ጋር በመሆን «ዴንቨር ሁለት» የተባለውን የሕፃናት ዕድገት መለኪያ፣ ለአካባቢው ልጅ እንግዳ የሆኑትን ጥያቄዎች አስተካክለው፣ በጅማ ልጆች ላይ ሞክረው «ዴንቨር ሁለት ጅማ» አድርገውታል። ከወሊድ እስከ ስድስት ዓመት ያለ ልጅ በ125 ጥያቄዎች የት እንደደረሰ ይለካበታል። የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ ቀዶ ጥገናም በከተማዋ ሲሰጥ ቆይቷል። በኢትዮጵያ፣ በጋናና በናይጄሪያ ከዚህ ችግር ጋር ከተወለዱ ልጆች በተሰበሰበ ናሙና የተሠራ ሰፊ የዘረመል ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። የጎደለው እነዚህን የሚያገናኘው ክር ነው። ላንቃው የሚሰፋለት ልጅ ዕድገቱ ይለካ፤ ዕድገቱ የዘገየው የዘር ሐረጉ ይሣል፤ የዘር ሐረጉ የተሣለው ናሙናው ይላክ። ለጥናት ናሙና መስጠትም ብቻውን ለቤተሰቡ መልስ ማግኘት አይደለም።

የዘር ሐረግ መያዝ ደግሞ ለዚህ አገር እንግዳ ሙያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ሲታይ፣ ከጅማ አቅራቢያ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎችን ለይቶ በቁጥር መዝግቧል። 74110 እና 74112 የሚባሉትን የአጋሮና የጎማ ገበሬ እንደ ሰው ስም ይጠራቸዋል፤ ሁለቱ የመጀመሪያ ቁጥሮች የተመረጡበትን 1974 (እ.ኤ.አ.) ያመለክታሉ። ንጽጽሩ እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። ቡና የሚመዘገበው ደካማውን ነቅሎ ለመጣል ሲሆን፣ ልጅ የሚመረመረው ግን ለመርዳት ነው።

ይህ ልዩነት በሕግም መጠበቅ አለበት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ፅንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖርበት እርግዝናው እንዲቋረጥ ፈቅዷል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና የአዕምሮ ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ግዴታ ጥሏል። በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አለ። የመጀመሪያው ብቻ ተግባራዊ ሆኖ ሁለተኛውና ሦስተኛው ወረቀት ላይ ከቀሩ፣ ምርመራው ለተወለደው ልጅ የሚፈይደው ይጠፋል። ምስጢርም አለ፤ የአንድ ልጅ ውጤት የአክስቱንና የአጎቱንም ገመና ይገልጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዘረመል መረጃን ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች መመደቡ ተገቢ ነው፤ በየሆስፒታሉ የካርድ ክፍል መከበሩ ግን ገና መታየት ያለበት ጉዳይ ነው።

ልጅን ከጓዳ ማውጣት የጀመሩ ወላጆችም አሉን። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የኦቲዝም ማዕከል ስትከፍት የራሷን ልጅ ይዛ በአደባባይ በመናገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አርፋለች፤ የከፈተችው በር ግን አልተዘጋም። የቀድሞው አፈ ጉባኤ አቶ አባዱላ ገመዳም ዳውን ሲንድሮም ላለባቸው ልጆች ዲቦራ ፋውንዴሽንን መሥርተዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን አባባል ሁለቱም በሥራ አሳይተዋል።

አርባው ዕለት

ለሟች አርባ ወደ በቾ ቦሬ ስመለስ፣ እንግዳው ከተሸኘ በኋላ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥቼ ካሬና ክብ መሣል ጀመርኩ። ባልና ሚስቱ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። የአባትየው እናት ቡና እያፈሉ ነበር። የሚስቲቱን ወገን እስከ አያቶቿ ጽፈን ጨረስን፤ ከሁለት የተጨናገፉ ፅንሶች በቀር የተለየ ነገር አልነበረም። ወደ ባልየው ወገን ስንዞር አዛውንቷ ጀበናውን አስቀምጠው ዝም አሉ። ቆይተው «አንድ ልጅ ነበረኝ፤ ከአንተ በፊት። አፉ ክፍት ነበር። እስከ ሦስት ዓመቱ አልቆመም። ስሙ በዚህ ቤት አይነሣም» አሉ። ልጃቸው በሰባት ዓመት የሚበልጠው ወንድም እንደነበረው የሰማው በዚያች ሰዓት ነው።

ይህ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ሁለቱ ልጆች አንድ በሽታ ይኑራቸው አይኑራቸው የሚያውቀው ሐኪም ነው። ጥፋቱንም ከሚስት ወደ ባል ማዞር አይደለም፤ አዛውንቷም ሆኑ ልጃቸው ምንም አላጠፉም። ነገር ግን ያች አንዲት ካሬ፣ ተጠቁራ፣ የሐኪሙን ሥራ በብዙ ታቀልለታለች። ላቦራቶሪ ብንልክ በውድ ዋጋ የምንፈልገው ፍንጭ ለአርባ ዓመት ያህል ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

ሰውየው ስለ ፍቺ መልሶ አልጠየቀኝም። «ሁለተኛ ልጅ ብንወልድስ?» አለ እንጂ። ትክክለኛው ጥያቄ ይኸው ነው፤ የዘረመል ምርመራ የተፈጠረውም ይህንን ለመመለስ ነው። መልሱን እኔ አላውቀውም አልኩት፤ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ እንዲይዙ፣ ሁለቱም አብረው እንዲሄዱ፣ ወረቀቱንም እንዲያሳዩ መከርኳቸው። ሚስትየዋ ወረቀቱን አጥፋ ከልጁ የክትባት ካርድ ጋር አስቀመጠችው።

የልጁ በሽታ እስካሁን ስም አላገኘም። የአጎቱ ስም ግን በዚያ ቤት ይነሣል።